ሽቦው ይሰላል፣ ደሙ ይገመታል

(በሕዝብ ትምህርት መድረክ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)



የንግግሩ ዓላማ ሲሰሙት ጠባብ የሚመስልን ጉዳይ ረጋ ብሎ መመርመር ነው። በአንጎል የደም ቧንቧ ላይ የተነፋ ከረጢት ስቴንት በሚባለው የሽቦ መረብ ሲታከም፣ ሐኪሙ መረቡን በታማሚው ሰውነት ውስጥ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ሥራውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማየት ጀምሯል፤ ይህ ማስመሰል፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ሲሙሌሽን፣ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ለይቶ ማስረዳት የዛሬው ትምህርት ድርሻ ነው። ኮምፒውተር ያወጣው ሥዕል በቀለማት አሸብርቆ ሲታይ የማመን ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፤ ሆኖም ከአንድ ማሽንና ከአንድ ታማሚ ምስል የሚወጡ ሁለት መልሶች እኩል የሚታመኑ አይደሉም። ስለ ሽቦው የሚሰጠው መልስ ወደ ልኬት የሚጠጋ ሲሆን፣ ስለ ደሙ የሚሰጠው መልስ ገና ግምት ነው። በቅድሚያ ስለ በሽታውና ስለ መሣሪያው ባጭሩ ይነገራል፤ ቀጥሎ የሽቦው ነገር፣ ከዚያም በስፋት የደሙ ነገር ይከተላል።

ከልብ የሚወጣውን ደም ይዘው የሚሄዱት ቧንቧዎች ደም ቅዳ ይባላሉ። ወደ አንጎል የሚወጡት ደም ቅዳዎች ከራስ ቅሉ ወለል በላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ፤ ይህን ቀለበት በ1664 (በዚህ ንግግር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የአንጎል መጽሐፍ በዝርዝር ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ስለነበር ቀለበቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ለመጽሐፉ ሥዕል ከሠሩትም አንዱ በኋላ የለንደንን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን ነበር። ደሙ በኃይል እየመጣ በሚከፈልባቸው በእነዚህ መገናኛዎችና በአቅራቢያቸው ባሉት ጥምዝ ቦታዎች ላይ የቧንቧው ግድግዳ ቀስ በቀስ ይሳሳና እንደ ትንሽ ፊኛ ወደ ውጭ ይነፋል። በሕክምና ስሙ አኑሪዝም የሚባለው ይህ ነው። ለቃሉ በአማርኛ ሁሉም የተስማማበት ስም ገና አልወጣለትም፤ እብጠት ማለት ቢቻልም ቃሉ መግልንና ቁስልን ስለሚያስታውስ፣ በዚህ ንግግር ከረጢት የሚለው ተመርጧል።

ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ ይህ ከረጢት እንዳለባቸው ይገመታል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሳያውቁት ኖረው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። ከረጢቱ የፈነዳ እንደሆነ ግን ደሙ አንጎልን በሸፈኑት ስስ ሽፋኖች መካከል ይፈስና፣ ታማሚው በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ድንገተኛ የራስ ምታት ይመታዋል፤ ከስትሮክ ዓይነቶች ሁሉ ከከፉት አንዱ ይኸው ሲሆን፣ ከሚያዙት መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል ሕይወቱን ያጣል። የሐኪሙ ጭንቀት የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት እውነቶች መገናኘት ነው፤ ከረጢቱን መተው አደጋ አለው፣ መንካትም አደጋ አለው፣ የትኛው እንደሚበልጥም ከታማሚው ፊት ላይ አይነበብም።

የሕክምናው ታሪክ ከማየት ይጀምራል። ፖርቹጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ በ1927 ጨረር የሚከልል ፈሳሽ ወደ ደም ቅዳ አስገብቶ የአንጎልን ቧንቧዎች በራጅ ፎቶ አሳየ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ ዋልተር ዳንዲ በአሜሪካዋ ባልቲሞር የራስ ቅል ከፍቶ የከረጢቱን አንገት በብረት ቆንጣጭ ዘጋ። በ1990 ደግሞ ጣሊያናዊው ጊዶ ጉሊየልሚና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ፣ የራስ ቅል ሳይከፈት፣ ከብሽሽት በገባ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ከረጢቱን በለስላሳ የፕላቲነም ጥምዝ ሽቦ መሙላትን በሰው ላይ ጀመሩ። ሁለቱ ዘዴዎች 2143 ሕሙማን በተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ሙከራ ተነጻጽረው ውጤቱ በ2002 ሲታተም፣ ከረጢታቸው ፈንድቶ ከታከሙት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ወይም ያለ ሰው እርዳታ መኖር ያቃታቸው በጥምዝ ሽቦ ከታከሙት 23.7 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት 30.6 በመቶ ሆነው ተገኙ። ነገር ግን ጥምዝ ሽቦ አንገቱ ጠባብ የሆነ ከረጢት ይፈልጋል፤ አፉ እንደ ገበቴ የሰፋ ከሆነ ሽቦው ተመልሶ ወደ ዋናው ቧንቧ ይወጣል።

ለእንዲህ ያለው ሰፊ አፍ የተገኘው መፍትሔ ከከረጢቱ ይልቅ ቧንቧውን ማከም ነው። በዋናው ቧንቧ ውስጥ፣ በከረጢቱ አፍ ፊት ለፊት፣ ዓይኑ ጠበብ ያለ የሽቦ መረብ ሲዘረጋ ደሙ ወደ ከረጢቱ መግባቱን ቀንሶ በቀድሞ መንገዱ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ፍሰት መላሽ ስቴንት ቢባል ስሙ ከግብሩ ይስማማል። ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ ከዳር የገባ ኩሬ አፉ ላይ ሸምበቆ በቅሎ ቢጋርደው፣ ዋናው ውሃ መንገዱን ይዞ ያልፋል፣ የኩሬው ውሃ ግን እየሰከነ ደለሉን ይጥላል፤ በከረጢቱም ውስጥ የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሰከነው ደም ይረጋል፣ በመረቡም ላይ የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ቀስ በቀስ አድጎ አፉን ይደፍናል። በ2011 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው ፓይፕላይን የተባለው መሣሪያ ከ48 ሽቦዎች የተጎነጎነ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሽቦ ወደ 30 ማይክሮን፣ ማለትም ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ከተዘረጋ በኋላ ብረቱ የሚሸፍነው ከግድግዳው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ፈቃዱ ያረፈበት ሙከራ 108 ሕሙማንን የያዘ ነበር፤ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው በ6 ወር 73.6 በመቶ፣ በዓመት 86.8 በመቶ፣ በ5 ዓመት ደግሞ 95.2 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ከቁጥሮቹ ሁለት ነገር ይነበባል፤ መሣሪያው ይሠራል፣ ነገር ግን ሥራው ዘገምተኛ ነው፤ ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ወራት ከረጢቱ የማይዘጋበት ታማሚ ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚናገር የለም። ሲሙሌሽን የሚጠራው ይህን ክፍተት እንዲሞላ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ሽቦው ነገር መሻገር ይቻላል።

ስቴንቱ የሚሄድበት ቱቦ ውስጣዊ ስፋቱ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስቴንቱ በዚህ ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሎና ረዝሞ ይጓዛል፤ ከቱቦው ሲወጣ ግን ራሱን ከፍቶ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቧንቧ ይሞላል። የተጎነጎነ ነገር ሁሉ የሚሠራበት ሕግ አንድ ነው፤ ሽቦው ራሱ አይለጠጥም፣ ስለዚህ መረቡ ሲሰፋ ያጥራል፣ ሲጠብ ይረዝማል። የሹራብ እጅጌ በሁለት ጫፉ ሲጎተት ቀጥኖ እንደሚረዝም፣ በውስጡ ክንድ ሲገባበት ደግሞ ሰፍቶ እንደሚያጥር ማለት ነው። ይህ ዝምድና በሒሳብ ሲገለጽ ከፓይታጎረስ ሕግ አያልፍም፤ በቱቦ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ቢፈታና ጠፍጣፋ በሆነ ወረቀት ላይ ቢዘረጋ፣ ቀጤ ማዕዘን ያለው የአንድ ጎነ ሦስት ረጅሙ ጎን ይሆናል፤ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች አንዱ የመረቡ ርዝመት፣ ሌላው የመረቡ ዙሪያ በጥምጥሙ ብዛት ተባዝቶ ነው።

ሒሳቡ በቁጥር ሲታይ የጉዳዩ ክብደት ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ሽቦ 50 ሚሊ ሜትር የሆነና በ4 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲከፈት 20 ሚሊ ሜትር የሚረዝም መረብ ቢታሰብ፣ ሽቦው በቧንቧው ዙሪያ ሦስት ዙር ተኩል ከትንሽ በላይ ይጠመጠማል። ይኸው መረብ 3.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ ውስጥ ቢገባ ርዝመቱ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ቧንቧው 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ ከ36 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ በመላኪያው ቱቦ ውስጥ ሳለ ደግሞ 49 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። የግማሽ ሚሊ ሜትር የስፋት ስህተት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የርዝመት ስህተት ይወልዳል ማለት ነው። የአንጎል ደም ቅዳ ደግሞ ወጥ ቱቦ አይደለም፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይጠብባል፣ ይጠማዘዛል፣ በአንድ በኩል ስፋቱ 4.5 ሆኖ ሳለ ትንሽ ራቅ ብሎ 3.5 ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በመሣሪያው ማሸጊያ ላይ የታተመው ርዝመት በታማሚው ቧንቧ ውስጥ ከሚያርፈው ርዝመት ጋር የሚገጥመው በዕድል ነው።

ይህ የልኬት ነገር የቢሮ ሒሳብ ብቻ ቢመስልም ከጀርባው የሰው ዓይንና የሰው አንጎል አለ። መረቡ ካጠረ ጫፉ ወደ ከረጢቱ አፍ ይንሸራተታል፤ ከረዘመ ደግሞ ደም ወደ ዓይን የሚወስደውን ቅርንጫፍ ወይም ከእርሱ ከፍ ብሎ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገባውን ቀጭን ደም ቅዳ ያለ ፍላጎት ይሸፍናል። ግድግዳውን ሳይነካ ከተንሳፈፈ በብረቱና በግድግዳው መካከል ደም ሊረጋ ይችላል። ቀደም ሲል ሐኪሙ ይህን ሁሉ የሚወስነው በሁለት አቅጣጫ ከተነሣ ጠፍጣፋ ምስል ላይ በለካው ስፋትና በእጁ ልምድ ነበር፤ ያልገጠመ ስቴንት ወጥቶ ሌላ መተካት የነበረበት ጊዜም አለ፤ መሣሪያው ውድ በመሆኑ የሚባክነው ገንዘብ ቀላል አይደለም፣ ከገንዘቡም በላይ ቱቦው በታማሚው ራስ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ከዚህ የተነሣ በጣም የተስፋፋው ሲሙሌሽን ትሑቱ ሲሙሌሽን ሆነ። በ2014 በፈረንሳይ ሞንፔሊየ ከተማ የተቋቋመው ሲም ኤንድ ኪዩር የተባለው ድርጅት፣ በስፔን ባርሴሎናም ጋልጎ ሜዲካል የተባለው፣ የሠሩዋቸው ሶፍትዌሮች ደሙን አይነኩም፤ የራጅ ማሽኑ በታማሚው ራስ ዙሪያ ተሽከርክሮ ካነሣው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ላይ የቧንቧውን ቅርጽ ያወጣሉ፣ ከዚያም የተመረጠው ስቴንት ከዚህ ነጥብ ቢጀመር የት እንደሚያልቅና የት ላይ ግድግዳውን እንደሚለቅ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያሉ። ሐኪሙ ሦስት አራት መጠን በስክሪኑ ላይ ሞክሮ ከዚያ በኋላ አንዱን ማሸጊያ ይከፍታል። ይህ መልስ የሚታመንበት ምክንያት ኮምፒውተሩ ብልህ ስለሆነ አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ሽቦና ቧንቧ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱም ደግሞ የሚለኩ ስለሆኑ ነው። መልሱም ወዲያው ይፈተናል፤ ስቴንቱ በተዘረጋ በደቂቃዎች ውስጥ የተተነበየው ጫፍና እውነተኛው ጫፍ በአንድ ምስል ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ።

እዚህም ቢሆን ስሌቱ ከእጅ ጋር ይከራከራል። ልምድ ያለው ሐኪም መረቡን ከቱቦው ሲያወጣ በከረጢቱ አፍ ላይ ገፋ አድርጎ ያጠጋጋዋል፣ በሌላው በኩል ሳብ ያደርገዋል፤ ጠንካራው የመላኪያ ሽቦ ራሱ ጥምዙን ቧንቧ በመጠኑ ያቃናዋል። ሶፍትዌሩ አንድ ዓይነት አዘረጋግ አስቦ የሰጠው ርዝመት ከነዚህ የተነሣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ከዚህ የከፋ አለመሆኑ ነው።

ሦስተኛውና ሰፊው ክፍል የደሙ ነገር ነው። የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገዙት እኩልታዎች ፈረንሳዊው መሐንዲስ ናቪዬ በ1822፣ አየርላንድ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ስቶክስ በ1845 ያቀረቧቸው ናቸው። እኩልታዎቹ ሁልጊዜ የተስተካከለ መፍትሔ እንዳላቸው እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም፤ በ2000 የክሌይ የሒሳብ ተቋም ይህን ላረጋገጠ ወይም ላፈረሰ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት መድቧል። መሐንዲሶች ግን ሽልማቱን አይጠብቁም፤ የቧንቧውንና የከረጢቱን ውስጥ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍለው፣ አንዱን የልብ ምት በመቶዎች ወይም በሺህዎች በሚቆጠሩ የጊዜ እርምጃዎች ሸርፈው፣ ደሙ ከክፍል ወደ ክፍል እንዴት እንደሚያልፍ በግምታዊ ስሌት ያወጣሉ። መረቡ ሲገባበት ሥራው ይከብዳል፤ 30 ማይክሮን የሆነውን ሽቦ የሚያሳይ ክፍልፋይ ከሽቦው ያነሰ መሆን ስላለበት የክፍሎቹ ብዛት ያብጣል፤ አንዳንዶች ይህን ለማቃለል መረቡን ሽቦ በሽቦ ከመሣል ይልቅ ፍሰትን እንደ ወንፊት የሚያዘገይ አንድ ስስ ንጣፍ አድርገው ይወስዱታል።

ስሌቱ እንዲጀመር ግን አራት ነገር መሰጠት አለበት፤ የቧንቧው ቅርጽ፣ የሚገባው ደም መጠን፣ የግድግዳው ጠባይና የደሙ ጠባይ። ደሙ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሜትር 1060 ኪሎ ግራም ያህል፣ የመዝለግለግ ጠባዩም ከውሃ ሦስት እስከ አራት እጥፍ ተደርጎ ይወሰዳል። ጭንቀቱ በሌሎቹ ሦስቱ ላይ ነው።

ቅርጹ ከምስሉ ይወጣል፤ ምስሉ ደግሞ ጠርዙ ደብዛዛ ነው፣ ቧንቧው የት እንደሚያልቅ የሚወስነው ሰው ወይም ፕሮግራም ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ በ19ኛው መቶ ዘመን በቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ባደረገው ሙከራ እንዳሳየው ቱቦ ለፈሳሽ የሚያቀርበው ተቃውሞ ከስፋቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቧንቧ በስህተት 4.4 ተብሎ ቢነበብ፣ ተቃውሞው በስሌቱ ውስጥ ከሲሶ ትንሽ ባነሰ ይቀንሳል፣ ደሙ ግድግዳውን ታክኮ ሲያልፍ የሚያሳርፈው የፍትጊያ ጫና ደግሞ በሩብ ይወርዳል። አራት አሥረኛ ሚሊ ሜትር በምስሉ ላይ የሁለትና የሦስት ነጥብ ጉዳይ ነው።

የሚገባው ደም መጠን ይብስ ያስቸግራል። በአንድ በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል እንደሚያሳልፍ ከጤናማ ሰዎች ልኬት ይታወቃል፤ ነገር ግን በሆስፒታል ውስጥ የእያንዳንዱ ታማሚ ፍሰት ብዙ ጊዜ አይለካም፣ ስለዚህ አማካዩ ይወሰድና የሁሉም ታማሚ ይደረጋል። ይህ የአንድን ሰው ፊት ይዞ የሌላውን ሰው ትንፋሽ እንደ መስጠት ነው። ግድግዳውም ቢሆን ውፍረቱ በተለመደው ምስል አይታይም፤ ስለዚህ በአብዛኛው ስሌት እንደማይነቃነቅ ቱቦ ይቆጠራል፤ የሚፈነዳው ግን ግድግዳው ነው።

እነዚህ ግምቶች ምን ያህል እንደሚያወዛግቡ በ2011 የተነሣው ክርክር አሳይቷል። ፍሰት መላሽ ስቴንት ከገባላቸው በኋላ ከረጢታቸው የፈነዳ ጥቂት ሕሙማን ነበሩ፤ በቨርጂኒያ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲው ጁዋን ሴብራልና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ፍለጋ ሰባት ከረጢቶችን በኮምፒውተር መረመሩ፤ ሦስቱ የፈነዱ፣ አራቱ በደህና የተፈወሱ ነበሩ። የደረሱበት መልስ አስደንጋጭ ነበር፤ ስቴንቱ ቧንቧውን ሲያስተካክለው፣ በተለይ ከከረጢቱ በፊት የነበረ ጠባብ ቦታ ሲከፈት፣ ቀድሞ በዚያ ጠባብ ቦታ ይባክን የነበረው ግፊት ወደ ከረጢቱ ይደርሳል፤ በዚህም በግዙፍ ከረጢቶች ውስጥ ግፊት ሊጨምርና ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላል አሉ። ተቃዋሚዎች ወዲያው ተነሡ። ክርክሩ ያረፈው በሐኪሞች ዘንድ እምብዛም በማይጠየቅ ጥያቄ ላይ ነበር፤ በዚያ ጠባብ ቦታ የሚባክነው ግፊት በእርግጥ ያን ያህል ነውን? በጠባብ ቦታ የሚጠፋ ግፊት ደግሞ ከሚገባው ፍሰት ጋር አብሮ በፍጥነት ይጨምራል፤ ፍሰቱ በመጠኑ ከተጋነነ ግፊቱ በብዙ ይጋነናል።

ከዚህ ክርክር የወጣው ፍሬ ከክርክሩ ይበልጣል። የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ2012 ባካሄደው የባዮኢንጂነሪንግ ጉባኤ፣ ከፊቱ ጠባብ ቦታ ያለበት አንድ ግዙፍ ከረጢት ለ20 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ የምርምር ቡድኖች ተሰጠ፤ ቅርጹ አንድ፣ ፍሰቱ አንድ፣ ደሙ አንድ ሆኖ፣ ሶፍትዌሩና የአሠራሩ ዘዴ ብቻ ለቡድኖቹ ተተወ። ግፊቱን በተመለከተ መልሶቻቸው በአብዛኛው ተቀራረቡ፤ በከረጢቱ ውስጥ የሚፈጠረው አዙሪት ዝርዝር ግን ከቡድን ቡድን በይበልጥ ተለያየ። ይህ ውጤት ነገሩን በሁለት ይከፍለዋል። ግፊትን በተመለከተ የስሌቱ ወፍጮ በደህና ይፈጫል፤ ዱቄቱን የሚወስነው የገባው እህል ነው። ስለዚህ አንድ ሐኪም የሲሙሌሽን ሥዕል ሲቀርብለት መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የየትኛው ሶፍትዌር ሥራ እንደሆነ ሳይሆን፣ ፍሰቱ ከየት እንደመጣ፣ ተለክቶ ወይስ ተገምቶ እንደሆነ ነው።

የፍትጊያ ጫናም ጉዳይ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በዚያው በ2011 የሴብራል ቡድን 210 ከረጢቶች መርምሮ የፈነዱት ከፍተኛ የፍትጊያ ጫና የታየባቸው ናቸው ሲል፣ በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ የሚገኝ ቡድን 119 ከረጢቶች መርምሮ የፈነዱት ዝቅተኛ የፍትጊያ ጫና ያለባቸው ናቸው አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ካልምስ በ2012 በጻፈው አጭር ርዕሰ አንቀጽ የዘርፉን የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል (CFD) ወስዶ፣ ትርጉሙ የፈሳሽ ስሌት ሳይሆን አምታች ምክንያቶችን ማዛመት እንዳይሆን በሚል ፈገግታ ያለበት ወቀሳ ሰነዘረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቡፋሎዋ ሁዊ ሜንግና ባልደረቦቿ ሁለቱንም የሚያስታርቅ ሐሳብ አቀረቡ፤ ከፍተኛው ጫና ትናንሽና ስስ ግድግዳ ያላቸውን፣ ዝቅተኛው ደግሞ ትላልቅና ወፍራም ግድግዳ ያላቸውን ከረጢቶች በተለያየ መንገድ ሊያሳድግ ይችላል የሚል ነው። ዕርቁ ያማረ ነው፤ ሆኖም ሁለቱንም ጫፍ የሚቀበል አስተሳሰብ በአንድ ታማሚ አልጋ አጠገብ ሲቆም የትኛውን መምረጥ እንዳለበት ለሐኪሙ አይነግረውም።

ታዲያ ደሙን ማስላት ከንቱ ነውን? አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ስለ አንድ ሰው ከመተንበይ ይልቅ ብዙዎችን በማነጻጸር ላይ ነው። በእንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ምስክር ይሆናል። 82 እውነተኛ የቧንቧ ቅርጾች ወስደው፣ እያንዳንዱን በመደበኛ የደም ግፊትና በከፍተኛ የደም ግፊት ሁኔታ አድርገው፣ 164 ምናባዊ ሕሙማን አዘጋጁ፤ ለሁሉም ፍሰት መላሽ ስቴንት በኮምፒውተር ዘረጉ፤ በከረጢቱ ውስጥ የፍሰቱ መቀነስ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ሕክምናው ተሳክቷል ተብሎ ተቆጠረ። የተገኘው የስኬት መጠን 82.9 በመቶ ሲሆን፣ በእውነተኛ ሕሙማን ላይ ከተደረጉ ሦስት ሙከራዎች ውጤት ጋር የተቀራረበ ነበር። በእውነተኛ ሙከራ አንድን ሰው አንድ ጊዜ በመደበኛ ግፊት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ማከም አይቻልም፤ በኮምፒውተር ግን ያው ቧንቧ ሁለት ሕይወት ይኖረዋል። አዲስ መረብ የሚነድፍ ድርጅት የሽቦውን ብዛት ከ48 ወደ 64 ቢያሳድግ ምን እንደሚለወጥ ለማየት፣ የአማካዩ ስህተት በሁሉም ላይ እኩል ስለሚጫን፣ ልዩነቱ ይታያል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛ ያልሆነ ሚዛንም ቢሆን ከሁለት ከረጢት ስኳር የትኛው እንደሚከብድ ይለያል፣ የአንዱን ኪሎ ግን አይናገርም።

ከፍሰቱ ባሻገር ያለው የደም መርጋት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከረጢቱን የሚዘጋው የፍሰቱ መቀነስ ብቻ ሳይሆን፣ ደም አርጊ የሆኑት ጥቃቅን የደም ክፍሎችና የሚያጠነክሯቸው ፕሮቲኖች በዚያ በሰከነ ደም ውስጥ የሚያደርጉት ኬሚካዊ ሥራ ነው። ስቴንት የገባለት ታማሚ በብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል የተባሉትን መድኃኒቶች ለወራት ይወስዳል፤ መድኃኒቶቹ መረቡን ከመዘጋት ሲጠብቁ የከረጢቱንም መዘጋት ሊያዘገዩ ይችላሉ፣ ክሎፒዶግሬል ደግሞ በዘር ውርስ ምክንያት በአንዳንዱ ሰው ላይ እምብዛም አይሠራም። የደም መርጋትን ከፍሰቱ ጋር አዳብለው የሚያሰሉ ሞዴሎች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እየተሠሩ ነው፤ በሞንፔሊየና በባርሴሎና የተሠሩት የልኬት ሶፍትዌሮች ግን ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው አልነኩትም፤ ሐኪሙ በስክሪኑ ላይ የመረቡን ጫፍ አይቶ ማሸጊያውን ከከፈተ በኋላ፣ ከረጢቱ መዘጋቱን የሚያውቀው ታማሚው ከ6 ወር በኋላ ተመልሶ ምስል ሲነሣ ነው።